የሟች ሞተር

ሞተሯን የገዛኋት በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ወረኢሉ፣ በ38 ሺህ ብር ነው። ቀይ ቦክሰር ናት። ሳልቫታዮዋ በግራ ጎኑ ተጭሯል፤ ከኋላ ፍሬቻዎቿ አንደኛው በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የግራ ስፖኪዮዋ ከነጭራሹ የለም። ስትመታ ግን በመጀመሪያው ትነሳለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የክትባት ሳጥን በትከሻ አንግቶ ከቀበሌ ቀበሌ በእግር መዞርን የዞረ ያውቀዋል። ክረምት ላይ የወረኢሉ መረሬ ጫማ አስወልቆ ያስቀራል፤ በጋ ላይ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ የበግ እግር ይይዛል። አንዱን መንደር ከትበህ ወደ ሌላው ስትሻገር ፀሐይዋ ትቀድምሃለች፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይሟሟል፤ መድኃኒቱ ይበላሻል። ለዚህ ስል ሁለት ዓመት ዕቁብ ጣልኩ። ዕጣው ሲወጣልኝ ብሩ ኪሴ ውስጥ አላደረም።

ሻጩ የሰፈራችን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ዕቃ እያደረሰ ይኖር ነበር። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክል እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል፣ እንጀራው በአንድ ቀን ተዘጋ። ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያ ክረምት እንደ እሱ ሞተራቸውን ጭነው የመጡ እኔ ብቻ የማውቃቸው ሦስት ነበሩ።

ሻይ ቤት ተቀምጠን በፌስታል የተጠቀለለ ዶሴ አወጣ። ሊብሬ፣ ውክልና፣ ያረጀ የሦስተኛ ወገን ወረቀት።

«ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው እኮ» አልኩት።

«አብሽር ወንድሜ! ውክልና አለኝ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ስም ማዛወር ሁሉ ተጽፏል። እኔም የገዛኋት እንዲሁ ነው። አራት ዓመት ነዳኋት፤ ማን ጠየቀኝ?»

ሁለት እማኞች ባሉበት ብሩን ቆጠርኩ። ሻይውን እሱ ከፈለ።

ማታ አባቴ ሞተሯን እንደ በቅሎ ዞሮ ዞሮ አያት። እሱ በዘመኑ በቅሎ አዋቂ የሚባል ሰው ነው፤ ገበያ ወርዶ «እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» የማይለው አልነበረም። ጎማዋን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ ኮርቻዋን በመዳፉ ተጭኖ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ከማን ገዛሃት?»

«ከልጁ።»

«የልጁ ናት?»

«የሌላ ሰው ነበረች፤ ልጁ በውክልና ነው የሸጠልኝ።»

«ሰውየው አለ?»

«አዲስ አበባ ነው አሉ።»

«የት ነው አላልኩህም። አለ ወይ ነው ያልኩህ።»

የምመልሰው አልነበረኝም። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠና የከብት ገበያ ነገር አነሳ። በሬ ሲሸጥ ሻጭ ዋስ ይጠራል። ዋሱ በገበያተኛው የታወቀ ሰው መሆን አለበት፤ በሬው ነገ የሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ ገዢ የሚይዘው ዋሱን ነው። በደረሰኙ ላይ የሻጭና የገዢ ስም ይሰፍራል፤ የበሬው መልክም ይጻፋል፤ ዳማ ነው፣ ቀንደ ጎፍላ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ ነው ተብሎ። «ዋስ የሌለው ሻጭ ያጋጠመህ እንደሆነ ዋጋ አትጠይቀውም፤ መንገድህን ትሄዳለህ» አለኝ። «ለመሆኑ የዚህች ዋስ ማነው?»

ዋሷ ወረቀት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

ሰኞ ጠዋት ዶሴውን ይዤ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጣ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

«ቦሎዋ የ2009 ነው።»

«እና?»

«የ2010 አለ፤ የ2011 አለ፤ የዘንድሮው አለ። ሦስት ዓመት ከነቅጣቱ።»

«እኔ የገዛኋት እኮ ባለፈው ሳምንት ነው።»

«አንተ ባለፈው ሳምንት ገዝተሃታል፤ እሷ ግን ባለፈው ሳምንት አልተወለደችም» አለችኝ። ልታስቀኝ ብላ እንዳልሆነ ፊቷ ይናገር ነበር። የቦሎ ዕዳ ሰውን አይከተልም፤ ሞተሯን ነው የሚከተል። ሞተሯ የምትሄድበት ይሄዳል፤ ሞተሯ ያደረችበት ያድራል።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን ነገረችኝ። መጀመሪያ የሦስተኛ ወገን መድን ይገባል፤ ያለ እሱ የሚሆን ነገር የለም። ቀጥሎ ሞተሯ ትመረመራለች። ከዚያ ያለፈው ዕዳና የዘንድሮው ይከፈላል። ቦሎው ሲታደስ ነው ስለ ስም ዝውውር የሚወራው። ታርጋዋ ደግሞ «አአ» ስለሆነ ማኅደሯ ያለው አዲስ አበባ ነው። እዚያ ስሙ ተዛውሮ ማኅደሩ ወደ ደሴ ሲላክ ነው «አማ» ታርጋ የሚሰጠኝ።

«ውክልናው ካለ ቀላል ነው» አለችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ከዚያ ወጥቼ አንድ መካኒክ ጋ ጎራ አልኩ፤ ምርመራው ላይ ምን ሊያስጥለኝ እንደሚችል አስቀድሞ እንዲያይልኝ። እሱ ሲቆጥር እኔ ሳዳምጥ አንድ ነገር ገረመኝ። ፍሪሲዮን ይላል፣ ካቴና ይላል፣ ካንዴላ ይላል፣ ፍሬቻ ይላል፣ ማርሚታ ይላል። ታርጋው፣ ቦሎውም ሳይቀር የጣሊያን ቃል ነው። ቦሎ በጣሊያንኛ ማኅተም ማለት ነው፤ እዚያም አገር ሰው ለመኪናው በየዓመቱ የሚከፍለውን ግብር የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ወረኢሉ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲያውጁ የሸዋ ጦር በጥቅምት እኩሌታ ተሰብስቦ እንዲገናኛቸው ቀጠሮ የሰጡባት ከተማ ናት። ጣሊያንን ሊወጋ ስንቁን ቋጥሮ ሠራዊቱ ከዚህች ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓድዋ ዘመተ። እኛ የልጅ ልጆች ግን አንዲት ሻማ የምታህል ካንዴላ ለመቀየር እንኳ ቃሉን ከእነሱ ነው የምንበደር። ለመካኒኩ ብነግረው «ታዲያ ካንዴላን ምን ልበላት?» ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

ቤንዚን በሃይላንድ ከምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ሁለት ሊትር አስቀዳሁና ወደ ቤት ስሄድ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። መቼም የመንገድ ግብር አልከፈልንም እንዳልል፣ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ከተቋቋመ ወዲህ ለመንገድ ጥገና የሚሆነው ገንዘብ ነዳጁ ላይ ተጨምሮ ከእያንዳንዱ ሊትር ይቆረጣል። ያ ልጅ ቦሎ ሳያድስ ሲነዳ ለመንገዱ እየከፈለ ነበር ማለት ነው። ይህን ለቢሮዋ ልጅ ብነግራት ምን እንደምትለኝ ስለማውቅ አልነገርኳትም። ቦሎ የመንገዱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ይህች ነገር ዘንድሮም ፍሬኗ ይይዛል፣ መድን አላት፣ ባለቤቷም ይታወቃል ብሎ የሚመሰክር ማኅተም ነው። መኪናን ወይም ሞተርን መመዝገብና በየዓመቱ ማስመርመር ግዴታ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይህንኑ ያዛል። ከሁሉ በላይ የጎደለን ሦስተኛው ነበር፤ ባለቤቷ።

ሻጩን አዲስ አበባ ይዤ ለመሄድ ሦስት ቀን ለመንኩት። ትራንስፖርቱንም ምግቡንም እኔ ልችል ተስማማን። ከወረኢሉ በግ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ከሚወርድ አይሱዙ ጋር ተነጋገርኩና ሞተሯን በበጎቹ መሀል በገመድ አሰርናት። ከአዲስ አበባ የተባረረች ሞተር በበግ ታጅባ ልትመለስ ነው እያለ ሾፌሩ ሳቀብን። በደጎሎ አድርገን፣ የወንጭትንና የጀማን ገደል ወርደን ወጥተን፣ በዓለም ከተማና በሙከ ጡሪ በኩል አዲስ አበባ ስንገባ እኔም፣ ልጁም፣ ሞተሯም በግ በግ እንሸት ነበር።

በማግስቱ ሰነድ በሚረጋገጥበት አዳራሽ ቁጥር ቆርጠን ተራ ያዝን። ግድግዳው ሥር ሁሉም ዶሴውን አቅፎ ተቀምጧል፤ ቤት የሚሸጥ፣ መኪና የሚገዛ፣ ለወንድሙ ውክልና የሚሰጥ። ተራችን ሲደርስ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሰው ውክልናውን አንብቦ ቀና አለ።

«ወካዩ በሕይወት አለ?»

የአባቴ ጥያቄ ናት፤ አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃል አልቀነሰም።

ወደ ልጁ ዞርኩ። ጫማውን ያያል።

«አለ?» አልኩት።

«ባለፈው ዓመት … አርፏል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ። «እኔ እኮ ወረቀቱ እስካለ ድረስ መስሎኝ ነው።»

ሰውየው አልተቆጣም። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። «ውክልና የሰጠው ሰው ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይሞታል። ወራሾቹን አምጡ» አለና ወረቀቷን ለሁለት አጥፎ በመስታወቱ ሥር ገፋልን።

በረንዳ ላይ ወጥተን ቆምን። መጮህ አማረኝ፤ ሰው ስላለ አልጮህኩም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ዛሬም ሞተር ለሚገዛ ሁሉ እነግራለሁ። ያኔ በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት የውክልና ወረቀት ቀረጥ 35 ብር ነበር። የባለቤትነት ዝውውር ቀረጥ ግን የንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነበር። ይህ ልጅ ሞተሯን በ2008 በ24 ሺህ ብር ሲገዛ ስሙን ቢያዛውር ኖሮ 480 ብር ሊከፍል ነበር። በውክልና ሲሆን በ35 ብር አለቀ፤ ወረፋውም፣ ምርመራውም፣ የቦሎ ዕዳውም ቀረለት። አራት መቶ አርባ አምስት ብር አተረፈ። ያተረፋት ብር ግን የትም አልሄደችም፤ ከቦሎው ዕዳ ጋር ሞተሯ ላይ ተሳፍራ አራት ዓመት ቆይታ እኔ ዘንድ ደረሰች። በዚህ መንገድ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ስንት መኪና፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሞተር አለ! ሻጭ «ሸጬ ተገላገልኩ» ይላል፤ ገዢ «ገዝቻለሁ» ይላል፤ መዝገቡ ግን አንዳቸውንም አልሰማም።

«ብሬን መልስልኝ» አልኩት።

«ለባጃጅ ቀብድ ከፍዬዋለሁ» አለ። እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ወጣት ነው፤ ከተማዋ እንጀራውን ስትዘጋበት ሌላ እንጀራ ፈልጎ ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ ግን የምጥልበት ቦታ አጣሁ።

የቀረን ሊብሬው ላይ ያለው አድራሻ ነበር። አንድ ኪሎ ቡና ገዝተን ወደ ኮልፌ ሄድን። ቤቱን የጠቆሙን ሰዎች «ባልትና የምትሸጠዋ ናት፤ በርበሬው ሽታ ያደርሳችኋል» አሉን፤ እንዳሉትም አደረሰን። ሴትዮዋ ሱቋ ደጃፍ ላይ ድንኳን ከምታህል ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ኮረሪማ ትፈለፍላለች። ዓመት ቢያልፍም ጥቁሯን አላወለቀችም።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ» አልኳት፤ ነገሩን ከየት እንደምጀምር ስላልገባኝ።

ቡናውን ተቀብላ በርጩማ ሰጠችን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇን በመቀነቷ ጠረገች።

«ሸጬዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለች። «ብሩንም አምጥቶ ለልጅቷ የትምህርት ቤት ከፍሎበታል፤ ያን አልክድም። ከሸጠው ሸጦታል።» ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ነው የምትነዱት?»

ዝም አልን።

«ሰው ብትገጩ ኖሮ የማን በር ነበር የሚንኳኳው?»

ልጁ አሁንም ጫማውን ያያል። እኔም የማየው አጥቼ ኮረሪማዋን አየሁ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ የተበደልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ኋላ ላይ አንድ ሕግ የሚያውቅ ዘመዴ እንዳስረዳኝ ሴትዮዋ በትክክል ነበር የጠየቀችው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪናና ማሽን ለሚያደርሱት ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ነጂው ሌላ ሰው ቢሆንም። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነውም ለዚሁ ነው። ያኔ አዋጅ ቁጥር 799/2005 የተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ ድንገተኛ ሕክምና ወዲያው እንዲያገኝ ያዝዝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ለሚመጣው ካሣ ደግሞ መድን ሰጪው ይቆማል። የእኛ ሞተር ግን መድኗ ካለፈ ቆይቷል። ማለትም ያ ልጅ በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ፒዛ ጭኖ ሲበር፣ እኔም በወረኢሉ ገበያ መሀል ክላክስ እያሰማሁ ሳልፍ፣ ለእያንዳንዷ ደቂቃ የሚመልስልን መቃብር ውስጥ ያለ ሰው ነበር። ከእሱ አልፎ የእነዚህ የባልትና ሱቅ ሰዎች በር።

በሊብሬ ላይ ስም የሚጻፈው «ይህ ንብረት የማን ነው» ለማለት ይመስለኝ ነበር። ለካ «ስለዚህ ነገር የሚመልሰው ማነው» ለማለት ነው። አባቴ ዋሷ ማነው ያለኝም ይኸው ነው።

«የወራሽነት ወረቀት ይጠይቁናል» አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ።

«አለኝ። ባንክ ያለችውን ትንሽ ገንዘብ ለማውጣት ፍርድ ቤት ተመላልሼ አስወጥቼዋለሁ፤ የእኔም የሁለቱ ልጆቼም ስም አለበት። ሁለቱም አካለ መጠን አድርሰዋል፤ ይፈርማሉ።» ከዚያ ጣቷን አነሳች። «ገንዘብ አልፈልግም፤ የሱቁን የአንድ ቀን ገበያ ብቻ ትክሱኛላችሁ። ግን ሐሙስ። ከሐሙስ ካለፈ አልመጣም፤ የእሱን ስም ከዚህ ነገር አውጡልኝ።»

«ሐሙስ በሁለት ሰዓት እዚያ እንገኛለን።»

«አገርህ የት ነው ያልከኝ?»

«ወረኢሉ።»

«እንግዲህ የወረኢሉ ሰው ቀጠሮ ያከብራል ሲባል ሰምቻለሁ» አለች። ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

እስከ ሐሙስ ያለውን ጊዜ በሩጫ ጨረስነው። የሦስተኛ ወገን ገባሁ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ስፖኪዮና ፍሬቻ ገዛሁ። ለምርመራ ስንወስዳት እንኳ አልነዳናትም፤ በጫኝ መኪና ነው ያጓጓዝናት። መርማሪው ፊትና ኋላ ፍሬኗን ሞከረ፣ መብራቷን አበራ፣ ክላክሷን አስጮኸ፤ ሻንሲ ቁጥሯን በወረቀትና በእርሳስ አሻሽቶ አነሳና ከሊብሬው ጋር አስተያየው። ቁጥሩ ገጠመ። አባቴ ቢኖር «ቦቃዋ ከደረሰኙ ገጠመ» ይል ነበር። የሦስቱን ዓመት ዕዳ ከነቅጣቱ ከፈልኩ፤ ቅጣቱን ሲጽፉልኝ ልጁ ሳይጠየቅ 500 ብር ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረ። አዲሷን ቦሎ ስቀበል ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄ የተወለደ ያህል ተሰማኝ ብል ሚስቴ ትቆጣለች።

ኮፒ የምታነሳዋ ልጅ ጠረጴዛዋን የዘረጋችው ሰነድ በሚረጋገጥበት አዳራሽ ደጃፍ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ሁሉንም አምስት አምስት ላድርግልህ» አለችኝ። ሁለት ይበቃል ስላት ራሷን ነቀነቀች። «ወረቀት አንዴ በዚያ መስኮት ከገባ አይመለስም። አምስት ያዝ።» አምስት ያዝኩ። የሞተውን ውክልናም አብሬ አስነሳሁ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ሴትዮዋ ከሁለት ልጆቿ ጋር ደረሰች። ነጠላዋን በጥቁር ጥለት ለብሳለች። ግማሽ ቀን ተሰልፈን ስንጠብቅ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ወረኢሉ ምስርና ስንዴ፣ ስለ ክትባት ጠየቀችኝ፤ ስለ ሞተሯ አንድ ቃል አላነሳችም። ተራችን ሲደርስ የሽያጭ ውሉ ተነበበላት። «ሻጭ» በሚለው ሥር እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየለየች፣ ፈረመች። ልጆቿ ፈረሙ። እኔ «ገዢ» በሚለው ሥር ፈረምኩ። የ2 በመቶውን ቀረጥ ከፈልኩ። የዚያ ልጅ 445 ብር በመጨረሻ አገሯን አገኘች።

ስትለየን የአንድ ቀን ገበያዋን ሰጠኋት፤ ቆጥራ ተቀበለች። ልጁ ዝቅ ብሎ ጉልበቷን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዛ አቃናችው። «ሁለተኛ እንዲህ አታድርግ» ብቻ አለችው።

ማኅደሩ ታሽጎ ወደ ደሴ ሄደ፤ እኔም ከሞተሯ ጋር ተከተልኩት። ደሴ ላይ «አአ»ዋ ተነቅላ «አማ» ተለጠፈላት። አሮጌው ሊብሬ በመስኮቱ ገብቶ አዲሱ በስሜ ወጣ፤ ኮፒ የምታነሳዋ ልጅ እንዳለችውም አሮጌው አልተመለሰም። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሯን ትራፊክ ባየሁ ቁጥር ልቤ ሳይደነግጥ የነዳኋት። ጉጉፍቱ ላይ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው፤ ካቤ ስደርስ ፀሐይ ወጣች፤ የወረኢሉ ስንዴ ሊታጨድ ቀርቦ ሜዳው ወርቅማ ሆኗል።

አባቴ ማንበብ አይችልም። አዲሱን ሊብሬ ተቀብሎ በጣቱ ዳሰሰው።

«አሁን ማን አለበት?»

«እኔ አለሁበት።»

«እንግዲያ ቀስ ብለህ ንዳ» አለኝና መለሰልኝ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ባለ ባልትናዋ ናት።

«ስሙ ወጣ?»

«ወጥቷል እትዬ። አሮጌውን ሊብሬ ደሴ ላይ ወስደውታል። ከእንግዲህ የሚያንኳኳብዎ የለም።»

ተመስገን ትላለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ልዘጋው ስል ድምፅዋ ተመለሰ።

«እሱ ጽሕፈቱ ያምር ነበር» አለች። «ያን ቀን በእጅህ የያዝከው ውክልና ላይ ፊርማውን አየሁት። እኔ ዘንድ ያለው ሁሉ የታተመ ነው፤ የሞት ወረቀቱም፣ የባንኩም። በገዛ እጁ የጻፈው የለኝም። ትጥለው ይሆን?»

«አልጣልኩትም» አልኳት። ዋናውን ሰነድ ልጁ ዶሴ ውስጥ ትቶት ነበር፤ አምስቱ ኮፒም አለ።

በማግስቱ ውክልናውን ከዶሴው አወጣሁት። የመስታወቱ ሰውዬ ያጠፈበት መስመር በመሀሉ ጎድጉዶ ቀርቷል። ከታች በሰማያዊ ቀለም የሰፈረው ፊርማ በእርግጥ ያምራል፤ የመጨረሻዋ ፊደል እንደ ሐረግ ተጠምዛ ትወጣለች። በካርቶን ደግፌ ፖስታ ውስጥ አስገባሁት። ያው በግ የሚጭነው አይሱዙ ሊነሳ ሲል ለሾፌሩ ሰጠሁት።

«ምንድን ነው? ሰነድ ነው እንዴ?» አለኝ።

«የማይሠራ ውክልና ነው።»

«ታዲያ የማይሠራ ከሆነ ለምን ትልከዋለህ?»

«አደራ፣ ለራሷ በእጇ ስጣት» አልኩት። «ደግሞ እንዳታጥፈው።»